መኪናዋ ለምን አልመጣችም?

(በማኅበራችን የመሰባሰቢያ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ሊቀ መንበራችን አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጥተውኛል። ጉዳዩም አንድ ነው፤ ማኅበራችን ባለፈው ዓመት አዋጥቶ የገዛት ላንድሮቨር። በመርሐ ግብሩ ላይ «የመኪናዋ ርክክብ» የሚል መስመር እንዳለ አይቻለሁ። ብዙዎቻችሁም ገና ከበሩ ስንገናኝ «የታለች?» ብላችሁኛል። አልመጣችም። ቦርደዴ፣ እኔ ግቢ ውስጥ፣ ግራሩ ሥር ቆማለች። ለምን እንዳልመጣች ላስረዳና በመጨረሻ አንድ ውሳኔ እለምናችኋለሁ። ነገሩ የሚያያዘው ከአራት ትንንሽ አምፖሎች ጋር ነው።

ለታናናሾቻችን ስለ መኪናዋ ጥቂት ልበል። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1948 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት እንደ ልብ ስለማይገኝ የአካሉ ቆርቆሮ በአሉሚኒየም ተሠራ። የእኛዋ «ሲሪስ ሁለት ኤ» ከሚባለው ወገን ናት፤ ከ1961 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. የተመረተው። ረጅሙ ዓይነት ነው፤ ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.25 ሊትር፣ ቤንዚን። ከእኛ መካከል ዕድሜያችን የገፋው እናስታውሳለን፤ የመንግሥት የመስክ ሥራ በላንድሮቨር ነበር፤ የገጠር ከተማ ተሳፋሪም ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ የሚሄደው በላንድሮቨር ነበር። ይቺም በሁለቱም ሥራ አልፋ፣ ደክሟት ከቆመችበት ነው የገዛናት።

በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለውን የእድሳት ሥራ ብዙ ሰው የሚሠራው በድሮ የስፖርት መኪኖች ላይ ነው። ኤምጂ ቢ፣ ትራይምፍ ስፒትፋየር የሚባሉት፣ ጣሪያቸው የሚገለጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ ቀበጥ መኪኖች። ዳሽቦርዱ ጀርባ እጃችሁን ብታስገቡ ግን ያ ቀበጥና ይቺ ጭቃ የለመደች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የኤሌክትሪክ ዕቃቸው በአብዛኛው ከበርሚንግሃሙ ሉካስ ኩባንያ ነው፤ የሽቦዎቹ የቀለም ሥርዓትም አንድ ነው። ስለዚህ ለስፖርት መኪና የተጻፈ የጥገና መጽሐፍ ቦርደዴ ላይ ለላንድሮቨር ይሠራል። የአገሩ የመኪና ወዳጆች ሉካስን «የጨለማው ልዑል» እያሉ ይቀልዱበታል። የስድሳ ዓመት ሽቦ ግን ከፋብሪካው ይልቅ በየመሐሉ የነካካው እጅ ነው የሚያበላሸው፤ ይህን ደግሞ በዓይናችን አይተናል።

አሁን ወደ አምፖሎቹ። የሲሪስ ሁለት ኤ የጌጅ ሰሌዳ የተቀመጠው በሾፌሩ ፊት ሳይሆን ዳሽቦርዱ መሐል ላይ ነው፤ ተሳፋሪውም እኩል ያየዋል። በሰሌዳው ላይ አራት መብራቶች አሉ። ቀዩ የባትሪ ቻርጅ ነው። አረንጓዴው የሞተር ዘይት ግፊት ነው። ሰማያዊው ረጅም መብራት መብራቱን ይነግራል። ቢጫው፣ ሞተር ቀዝቃዛ ሲሆን የሚጎተተው የቤንዚን ማበልጸጊያ፣ ማለትም ቾኩ፣ ሳይመለስ መቅረቱን ያስታውሳል። ቦርደዴ ላይ ሞተር ቀዝቅዞ አያውቅምና ቢጫውን ለጊዜው እንተወው።

መኪናዋን ስንረከብ ከአራቱ የሚበራ አንድም አልነበረም። ቀዩ አምፖሉ ተነቅሏል፤ መስታወቱም የለም። ሰማያዊው ተቃጥሏል። አረንጓዴው ግን አምፖሉ ደህና ነው፤ ሽቦው ነው ከኋላ ተቆርጦ፣ ጫፉ በጥንቃቄ በፕላስተር የተጠቀለለው። ይህን ልብ በሉልኝ። በእርጅና የተበጠሰ ሽቦ ራሱን በፕላስተር አይጠቀልልም። አንድ ሰው አስቦበት ቆርጦታል።

ጥገናውን አብሮኝ የሠራው የሰፈራችን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜው ከልጄ ያንሳል፤ እጁ ግን የአዋቂ ነው። መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈታን። ቀጥሎ የትኛው የባትሪ ጫፍ ከመኪናዋ አካል ጋር እንደታሰረ አየን። የድሮዎቹ የእንግሊዝ መኪኖች እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ ፖዘቲቩን ነበር ከአካሉ ጋር የሚያስሩት፤ ከዚያ ወዲህ ነው ወደ ኔጋቲቭ የዞሩት። ይህን ሳያዩ አዲስ ዕቃ መግጠም ዕቃውን ማቃጠል ነው። በእኛዋ ላይ የቀድሞ ባለቤቶቿ የጥንቱን ዲናሞ አውጥተው አልተርኔተር ስለገጠሙላት ወደ ኔጋቲቭ ዞራ አገኘናት። ባለሙያዎቹ ይህን ከአካሉ ጋር የሚታሰረውን መስመር «ማሳ» ይሉታል። እኛ የግብርና ሰዎች ማሳ ሲባል ጤፍና ማሽላ ነው የሚታየን፤ ልጁ «ጋሼ፣ ችግሩ ማሳው ላይ ነው» ሲለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥሩን አሻግሬ ነው ያየሁት። ለካ እውነቱን ነው። ከሰሌዳው ጀርባ ያለው የማሳ ብሎን በአቧራና በዝገት ተሸፍኖ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ነበር። በብርጭቆ ወረቀት አሽተን መልሰን ስናስር ሁለት የሞቱ ጌጆች ነፍስ ዘሩ።

ቀጥሎ ሽቦ መለየት። የእንግሊዞቹ የቀለም ሥርዓት ሲገባችሁ ቀላል ነው። ቡናማ ቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው። ነጭ ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ነው። አረንጓዴ ያንኑ የቁልፍ መስመር ከፊውዝ በኋላ የሚወስድ ነው። ጥቁር ማሳ ነው። ሁለት ቀለም ያለው ሽቦ ደግሞ የተለየ አገልግሎት አለው፤ ነጭ ሆኖ ቡናማ መስመር ያለው የዘይት መብራት፣ ቡናማ ሆኖ ቢጫ መስመር ያለው የቻርጅ መብራት፣ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ መስመር ያለው የረጅም መብራት ነው። ፀሐይ ቀለሙን ስለምትበላው ውጪውን አይታችሁ አትፍረዱ፤ ሽቦው ተጠቅልሎ ከተሸፈነበት ቦታ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ያ የተጠቀለለው ጫፍ እዚያ ውስጥ ሲታይ ነጭ ከቡናማ መስመር ጋር ሆነ።

የቀዩን መስታወት ሶማሌ ተራም አስጠይቀን በልኩ አላገኘንም። ልጁ ከተሰበረ የኢሱዙ የኋላ መብራት ቀይ ፕላስቲክ ቆርጦ፣ ሞርዶ ገጠመልን። አምፖሉ ግን በልኩ መሆን አለበት፤ 12 ቮልት፣ 2.2 ዋት። ከዚያ የበለጠ ከገባ ሙቀቱ ማቀፊያውን ያቀልጠዋል። «አቦ ጋሼ፣ ኤልኢዲ እናድርግላት፤ አይቃጠል፣ ባትሪ አይበላ» አለኝ። ለሰማያዊው ልክ ነው። ለቀዩ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱን መናገር የምፈልገው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት ነው።

የቻርጅ አምፖል ሁለት ጫፍ አለው። በአንዱ ወገን ከቁልፉ የሚመጣው የባትሪ ኤሌክትሪክ፣ በሌላው ወገን የአልተርኔተሩ። ሞተሩ ሳይነሣ አልተርኔተሩ ባዶ ነውና ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ወደዚያ ይፈሳል፤ አምፖሉ ይበራል። አልተርኔተሩ ሲዞር የሁለቱም ወገን ቮልቴጅ እኩል ይሆናል፤ የሚፈስ ነገር የለምና አምፖሉ ይጠፋል። ሁለት ሰዎች ገመድ ከግራና ከቀኝ እኩል ሲጎትቱ ገመዱ እንደማይንቀሳቀስ ማለት ነው። ነገሩ እዚህ አያበቃም። እንደ እኛዋ ባለ አልተርኔተር፣ ሲነሣ ማግኔቱን የሚያነቃው ያ በአምፖሉ በኩል የሚያልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፤ 0.2 አምፔር እንኳ አይሞላም። ኤልኢዲ ብቻውን ከገባ ይህን አያሳልፍም። አምፖሉ ከተነቀለ ደግሞ አልተርኔተሩ ሞተሩ በኃይል እስኪረገጥ ድረስ፣ አንዳንዴም ጨርሶ፣ ቻርጅ አያደርግም። «መብራቷ ስለምታናድደኝ ነቀልኳት» የሚል ሾፌር በማግሥቱ ባትሪ ሞተብኝ ብሎ የሚገፋው ለዚህ ነው። ያቺ አምፖል ወሬ ነጋሪ ብቻ አይደለችም፤ ሠራተኛም ናት።

የዘይቱ መብራት አሠራር ከዚህም ይቀላል። ከሞተሩ ጎን የተገጠመ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ግፊት ከሌለ ሽቦውን ከማሳ ያገናኛል፤ መብራቱ ይበራል። ግፊቱ ሲመጣ ይገፋውና ያለያየዋል፤ መብራቱ ይጠፋል። ስለዚህ አመርማሪው ማንም ነው። ቁልፉን ክፈቱ፤ ሞተር አታስነሡ። መብራቱ ካልበራ ሽቦውን ከማብሪያ ማጥፊያው ነቅላችሁ የሞተሩን ብረት አስነኩት። አሁን ከበራ አምፖሉና ሽቦው ደህና ነው፤ ጥፋቱ የማብሪያ ማጥፊያው ነው። አሁንም ካልበራ አምፖሉን ወይም ሽቦውን ፈልጉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እኛም ይህንኑ አደረግን። ቁልፉ ሲከፈት ቀዩና አረንጓዴው አብረው በሩ። ሞተሩ ሲነሣ አብረው ጠፉ። ልጁ አጨበጨበ። እኔም ደስ ብሎኝ ለሊቀ መንበራችን ደወልኩና «ቀለሙን ማስቀባት እንችላለን» አልኳቸው። ለዛሬው ቀንም በሚኤሶ፣ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በቁልቢ አድርጌ ይዣት ልመጣ አሰብኩ።

ከዚያ በፊት ግን እንፈትሻት ብለን እኩለ ቀን ላይ ወደ አሰቦት ነዳናት። አገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ያ ሜዳ በዚያ ሰዓት እሳት ነው። ስትሄድ ምንም አላለችም። አሰቦት ደርሰን ግመሎች መንገድ ሲሻገሩ ስንቆም፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ፣ አረንጓዴው ብልጭ አለ። ጠፋ። እንደገና ብልጭ አለ። ነዳጅ ስሰጥ ይጠፋል፤ ስተው ይመጣል።

በዚያች ቅጽበት ያን ሽቦ ማን፣ ለምን እንደቆረጠው ገባኝ። እሱም ይህንኑ አይቷል።

ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። በሞተሩ ውስጥ ኩሽኔታዎቹ ካልተበሉ ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ የቀጠነውም ዘይት ግፊቱን ይይዛል። ኩሽኔታው ከተበላ ግን ዘይቱ በሰፊው ክፍተት ያመልጣል፤ ግፊቱ ይወድቃል። ጠዋት በብርድ ደህና የምትመስል መኪና እኩለ ቀን ላይ እውነቷን የምታወጣው ለዚህ ነው። «ማብሪያ ማጥፊያው ይሆናል የተበላሸው» ማለት ይቻል ነበር፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ስለዚህ አልገመትንም፤ የግፊት መለኪያ ተውሰን በቦታው ገጠምን። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ቀስ ብሎ ሲዞር መርፌው ከ0.7 ባር በታች ወረደ። ዘይቱን ስናፈሰው ደግሞ ከሥሩ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ነገር ነበረበት። የኩሽኔታው ብረት ነው። መብራቱ አልዋሸም።

ከሚኤሶ ወደ አሰበ ተፈሪ ያለውን ዳገት አስቡት። ሰው ጭና፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በዚያ ኩሽኔታ። ሞተሩ ዳገቱ ላይ ተጣብቆ ሲቆም ኋላዋ ጭነት የያዘ መኪና አለ፤ ጎኗ ገደል ነው። ያኔ «ሞተሩ በድንገት ሞተ» እንላለን። በድንገት አይደለም። ቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ምላሱን ቆርጠንበት ነው።

ነገሩን ለጥቂት ጓደኞቻችን በስልክ ስነግር አንዱ፣ ዛሬም እዚሁ ተቀምጦ እየሳቀ ነው፣ «ታዲያ ለፎቶ አይደል? አምፖሏን ንቀልና ይዘሃት ና» አለኝ። ቀልዱ ነው። ግን ወዳጆቼ፣ ይህ ቀልድ በአገራችን ስንት ቦታ በቁም ነገር ይሠራል? ያገለገለ መኪና ስትገዙ ቁልፉን ክፈቱና ሞተሩን ሳታስነሡ ዳሽቦርዱን እዩ። የሞተሩ፣ የዘይቱ፣ የባትሪው ምልክቶች ሁሉ መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሣ ይጠፋሉ። ቁልፉ ሲከፈት ያልበራ ካለ አትደሰቱ። ሻጩ ያስጠፋው ሊሆን ይችላል። የበራ መብራት ችግር አለ ይላችኋል። ሲበራ ቆይቶ የጠፋ መብራት ደህና ነው ይላችኋል። ፈጽሞ ያልበራ መብራት ግን ምንም አላላችሁም፤ እኛ ነን ዝምታውን ደህንነት ብለን የምንተረጉመው።

የመኪና ወሬ ብቻ እንዳይሆንብኝ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን የተማርነው ምልክት ማንበብ ነው፤ የቅጠል ቢጫነት፣ የከብት ዓይን፣ የዝናብ መዘግየት። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ላይ ሰው በረሃብ ሲያልቅ የሰብሉ መጥፋት ለሚመለከታቸው ሳይነገር ቀርቶ አልነበረም፤ ተነግሮ፣ ተጠቅልሎ ነው የተቀመጠው። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ በኋላም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ሲጀመር፣ ያ የተቆረጠ ሽቦ ነበር እየተቀጠለ የነበረው። ከእናንተ መካከል በየወረዳው ያን ሪፖርት የምትጽፉ አላችሁ። ሪፖርቱን «ቀለል አድርገው» የተባለ ይኖራል። ቀለል ያደረገውንም አልወቅስም፤ እንጀራ ነው። ታናናሾቻችን ግን ይህን ይዛችሁ ውጡ፤ አምፖል የሚነቅል እጅ ሁልጊዜ ክፉ እጅ አይደለም። ብዙ ጊዜ የደከመው፣ ገንዘብ ያጠረው፣ ወይም ለበዓሉ መድረስ የፈለገ እጅ ነው።

እነሆ ልመናዬ። በካዝናችን ያለው ገንዘብ ለቀለም ተመድቧል። ቀለሙን እንተወውና ሞተሯ ይፈታ፤ ኩሽኔታዎቹ ይቀየሩ፤ ክራንኳ ይለካ፣ ካስፈለገም ይላጥ። ሁለቱን ለማድረግ ገንዘቡ አይበቃም። ቀለሟ የተላጠ መኪና ተማሪ አድርሳ ትመልሳለች፤ ቀለሟ ያማረ፣ ኩሽኔታዋ የተበላ ግን ለፎቶ እንጂ ለመንገድ አትሆንም። ሞተሯን ስንፈታ የእርሻ ምህንድስና ተማሪዎች ተራ በተራ ቦርደዴ መጥተው ይዩ፤ ሙቀቱን እነሱ ይቻሉት፣ ምሳውን እኛ ቤት እንችላለን። አረንጓዴውን አምፖልም ማንም እንዳይነካው ብዬ ለልጁ አደራ ሰጥቼ ነው የመጣሁት። እስካሁን ስትሞቅ ብልጭ ይላል።

ለድምፅ ሲቀርብ እጃችሁን እንደምታወጡ ተስፋ አለኝ። ነገ ወደ አዲስ አበባ የምትመለሱ፣ መንገዳችሁ በደጄ ነው፤ ቦርደዴ ስትደርሱ ውረዱ፣ ሻይ አለ፣ መኪናዋንም ታዩአታላችሁ። ከግቢው ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ቁልፋችሁን ክፈቱና፣ ሞተር ሳታስነሡ፣ የበሩትን ቁጠሩ።